የእጅ ባትሪዎ ጥርስ፦ ለስሜን መንገደኛ የአያያዝና የጥገና መመሪያ

ከአምቢቆ ተነስቶ ራስ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ጉዞውን የሚጀምረው ሌሊት ነው። አስጎብኚው ከፊት፣ ስካውቱ ከኋላ፣ እንግዳው ከመሐል ሆነው በባትሪ ብርሃን ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት አንዱ ባትሪ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ባለቤቱ መጀመሪያ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ ድንጋዩን ይቀይራል። አዲስ ድንጋይ ገብቶም መብራቱ ካልተስተካከለ «ተበላሽቷል» ይባልና ይጣላል።

ሳይጣል በፊት መታየት ያለበት አንድ ቦታ አለ። እሱም ክዳኑና አካሉ የሚገጣጠሙበት የብረት ጥርስ ነው። ይህ ጥርስ ክዳኑን ከመያዝ አልፎ በብዙ የብረት ባትሪዎች የኤሌክትሪኩ መተላለፊያ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ሲቆሽሽ፣ ሲዝግ ወይም ተዛንፎ ሲገባ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ባትሪው የሞተ ይመስላል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ንጹሕ ጨርቅ፣ ትንሽ አልኮልና ትዕግሥት ነው።

መመሪያው በተለይ የሚያገለግለው ደባርቅና ዳባት ላሉ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች፣ በቅሎ ነጂዎችና ምግብ አብሳዮች ነው። ሌሊት ከብት ለሚጠብቅ ገበሬ፣ ለማሕሌት ለሚነሳ ካህን፣ በጨለማ ወደ ወላድ ቤት ለሚጠራ የጤና ባለሙያም እኩል ይጠቅማል። ከሳንቃበር ወይም ከጨነቅ ካምፕ ተመልሶ ዕቃ ለመግዛት ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ሥራው ቤት ውስጥ፣ ከጉዞ በፊት ቢሠራ ይመረጣል።

ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ

የብረት ባትሪ ውስጥ ረጅም ሽቦ አያገኙም። በሽቦው ፈንታ የሚያገለግለው አካሉ ራሱ ነው። የድንጋዩ ጉብ ያለው ጫፍ፣ ማለትም ፖዘቲቩ፣ በባትሪው ራስ ውስጥ ካለው መነካኪያ ጋር ይገናኛል። ጠፍጣፋው ጫፍ፣ ኔጋቲቩ፣ ክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ ላይ ያርፋል። ኤሌክትሪኩ ከሞላው ተነስቶ በማብሪያው በኩል ወደ ክዳኑ ብረት፣ ከክዳኑ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ራሱ፣ ከዚያም ወደ አምፖሉ ይደርሳል። ክዳኑ ከቱቦው፣ ቱቦው ከራሱ የሚገጥመው በጥርስ ስለሆነ ንጽሕና የሚፈልገው ቦታ ሁለት ነው፤ የኋላውና የፊቱ።

ከሁለቱ በአንዱ ላይ ቆሻሻ ከተጋገረ መብራቱ ይደበዝዛል። ቆሻሻው ከበዛ ጨርሶ ይጠፋል። መታ ሲያደርጉት ለጊዜው የሚበራውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሲናወጥ ብረት ከብረት ለአፍታ ይነካካል፣ ትንሽ ቆይቶ ቆሻሻው ተመልሶ መሐላቸው ይገባል።

ከመጀመርዎ በፊት ባትሪዎ ከሁለቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ይለዩ። በአንደኛው ዓይነት ጥርሱ ራቁቱን ነው፤ እንደ ብር ያበራል፣ ኤሌክትሪክም በራሱ በጥርሱ ያልፋል። በሁለተኛው ዓይነት ጥርሱም እንደ አካሉ ጥቁር ወይም ግራጫ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን የአሉሚኒየሙ ገጽ ሆን ተብሎ እንዲጠነክር የተደረገበት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እዚህ መገናኛው የቱቦው አፍ ጠርዝ፣ ያ ቀጭን የሚያበራ ቀለበት ነው። መለያው ቀላል ነው። ባትሪውን አብርተው ክዳኑን ሩብ ዙር ያላሉት። ወዲያው ከጠፋ መገናኛው ጠርዙ ነው። ሩብ ዙር ላልቶም መብራቱ ከቀጠለ መገናኛው ጥርሱ ነው።

ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ አጥብቀው የሚያጸዱት የትኛውን ቦታ እንደሆነ ይነግርዎታል። ሁለተኛ፣ ሽፋን ያለውን ጥርስ በብርጭቆ ወረቀት ከመላጥ ያድንዎታል፤ ሽፋኑ አንዴ ከተላጠ ቤት ውስጥ አይመለስም።

ስሜን ላይ ጥርስን የሚጎዳው ምንድን ነው

በበጋ ዋናው ጠላት አቧራ ነው። የበቅሎ ኮቴ የሚያስነሳው ደቃቅ አቧራ ኪስ ውስጥም ቦርሳ ውስጥም ይገባል። ክዳኑን በፈቱና በገጠሙ ቁጥር እንደ አሸዋ ሆኖ ብረቱን ይፍቃል። ከአሉሚኒየሙ የተፋቀው ዱቄት ከቅባቱ ጋር ሲደባለቅ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። ክዳኑን ሲፈቱ ጣትዎ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር ይህ ነው።

በክረምት ጉሙና ዝናቡ ይመጣል። ጥርሱ አጠገብ ውሃ እንዳይገባ የሚያግደው የጎማ ቀለበት የደረቀ ወይም የተቆረጠ ከሆነ ውሃ በጥርሱ መሐል ሰርጎ ይገባል። ሞላው ብረት፣ ክዳኑ አሉሚኒየም፣ መነካኪያው ነሐስ ሆኖ እርጥበት ሲያገኛቸው ዝገቱ ይፈጥናል፤ የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ አንዱ በሌላው ምክንያት ይበላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ውጭ ሲቀዘቅዝ ያመሸ ባትሪ እሳት የሚነድበት ቤት ሲገባ ላቡን ያወጣል። ክዳኑን እዚያው ከከፈቱት የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ የኩበትና የባሕር ዛፍ ጭሱም ከጤዛው ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ከብርድ የገባ ባትሪ እስኪሞቅ ድረስ ክዳኑ አይከፈት።

የሚያስፈልግዎ

ዕቃው ሁሉ ደባርቅ ወይም ዳባት ሱቅና ፋርማሲ የሚገኝ ነው።

አንድ፣ ክር የማይለቅ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ። ያረጀ የነጠላ ቁራጭ ይሆናል፤ ጠርዙ የተተረተረ ከሆነ ግን ክሩ ጥርስ ውስጥ ይቀራልና ይቁረጡት።

ሁለት፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ።

ሦስት፣ የፋርማሲ አልኮል። ከጠፋ ዳገም አረቄ ጨርቅ ላይ ነክሮ መጠቀም ይቻላል፤ ውሃ ስላለበት ግን ከዚያ በኋላ በደንብ መድረቅ አለበት። ቤንዚን አይጠቀሙ፤ እሳት ይስባል፣ የጎማ ቀለበቱንም ያበላሻል።

አራት፣ የተማሪ ላጲስና የእንጨት ስንጥር።

አምስት፣ የሲሊኮን ግራሶ። የማይገኝ ከሆነ ትንሽ ቫዝሊን። የኑግ ዘይትና ቅቤ አይሆኑም። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ይጣበቃል፤ ቅቤ በብርድ ይረጋል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ስድስት፣ ሰፌድና ነጭ ጨርቅ። ጨርቁን ሰፌዱ ላይ ዘርግተው እዚያ ላይ ይሥሩ። ሞላና የጎማ ቀለበት መሬት ላይ ከወደቁ ማግኘት ያስቸግራል።

አጸዳዱ፣ ደረጃ በደረጃ

1. ባትሪውን ያጥፉና ድንጋዩን ያውጡ። የሊቲየም ድንጋይ ከሆነ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ካለበት ኪስ ውስጥ አይክተቱ፤ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ወዲያው ይግላል። ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት።

2. የኋላውን ክዳን ሙሉ በሙሉ ይፍቱ። ራሱንም በእጅ ኃይል ብቻ ለመፍታት ይሞክሩ። የብዙ ባትሪዎች ራስ ፋብሪካ ውስጥ በማጣበቂያ ይታሰራል፤ እንቢ ካለ ይተዉት።

3. የጎማ ቀለበቱን ያውጡ። በሁለት ጣት ጨመቅ ሲያደርጉት ከቦይው ትንሽ ብቅ ይላል፤ ብቅ ያለውን በስንጥር ያንሱት። መርፌና ምላጭ ቀለበቱን ስለሚቆርጡ አይጠቀሙ። ካወጡት በኋላ ዘርጋ አድርገው በብርሃን ይዩት። ስንጥቅ ካለው ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ መቀየር አለበት።

4. ጥርሱን መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ብሩሹን የጥርሱን መስመር ተከትለው ዙሪያውን ያዙሩ፤ አቋርጠው ከፈተጉት ቆሻሻው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዛወራል። የባትሪው አፍ ወደ ታች ይሁን፤ አቧራው ወደ ውስጥ አይውደቅ።

5. ጨርቁን በአልኮል አርጥበው በአውራ ጣት ጥፍርዎ ላይ ይጠቅልሉ። ጥፍርዎን ጥርሱ ላይ አሳርፈው ቱቦውን ያዙሩ። ጥቁሩ ሊጥ ጨርቁ ላይ በቀጭን በቀጭን መስመር ይወጣል። ጨርቁን እየቀየሩ ንጹሕ እስኪወጣ ይደጋግሙ። የክዳኑን የውስጥ ጥርስ ደግሞ ጨርቁን በስንጥር ላይ ጠቅልለው ያጽዱ። አልኮሉን ቱቦው ወይም ማብሪያው ውስጥ አያፍስሱ።

6. የቱቦውን አፍ ጠርዝ በላጲስ ይፈትጉ። ግራጫው መልክ ለቆ እንደ ብር እስኪያበራ ድረስ ይቀጥሉ። የሞላውን ጫፍ፣ ክዳኑ ውስጥ ጠርዙ የሚያርፍበትን ቀለበትና የድንጋዩን ሁለት ጫፎች በዚሁ ላጲስ ያጽዱ። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ከማለት ይልቅ በብሩሽ ያውጡ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

7. ይድረቅ። ክዳኑንና ቱቦውን ነጭ ጨርቁ ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አልኮሉ እስኪተን ያቆዩ። የደባርቅ የቀን ፀሐይ ለዚህ ይበቃል። ምድጃ ዳር አያስቀምጡት፤ ጭሱ ያጸዱትን መልሶ ይለብጠዋል።

8. የጎማ ቀለበቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው የምስር ፍሬ በምታክል ግራሶ በሁለት ጣት መሐል ያሹት። እንዲያብረቀርቅ ብቻ ነው የሚፈለገው። ከዚያ ወደ ቦይው ይመልሱት፤ ተጣሞ ወይም ተጠማዝዞ እንዳልተቀመጠ ዙሪያውን ይዩ።

9. ጥርሱን በጣትዎ ላይ በቀረው ግራሶ ብቻ ይለቅልቁት። የጥርሱ መስመሮች በግልጽ መታየት አለባቸው። ቅባቱ የመስመሮቹን መሐል ከሞላው በዝቷል፤ ይጥረጉት። በቱቦው አፍ ጠርዝ፣ በሞላውና በድንጋዩ ጫፎች ላይ ቅባት ጨርሶ አይነካ።

ቫዝሊን ከተጠቀሙ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀለበቱን መልሰው ይዩት። ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ቅባት የማይስማማቸው የጎማ ዓይነቶች አሉ፤ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። ቀለበቱ ካበጠ ቫዝሊኑን ጠርገው ያለ ቅባት ይተዉት።

አገጣጠሙ

ጥርስ የሚበላሸው ከዝገት ይልቅ ብዙ ጊዜ በችኮላ አገጣጠም ነው። ክዳኑ ተዛንፎ ገብቶ በኃይል ሲጠብቅ የመጀመሪያው መስመር ይላጣል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ያንኑ የተሳሳተ መንገድ ይከተላል።

መከላከያው እንዲህ ነው። ባትሪውን ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ክዳኑን ደፋ አድርገው በቀስታ መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ያዙሩት። የሁለቱ ጥርሶች መጀመሪያ ሲገናኙ ክዳኑ ትንሽ ዝቅ ሲል ጣትዎ ይሰማዋል። እዚያ ላይ ቆም ብለው አሁን ወደ ማጥበቂያው ያዙሩ። በሁለት ጣት እየዞረ መግባት አለበት። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከከበደ ያቁሙ፤ ፈትተው እንደገና ይጀምሩ። ቀጥ ብሎ የገባ ክዳን ጠርዙ ከአካሉ ጋር ዙሪያውን እኩል ይሆናል፤ በአንድ በኩል ክፍተት ከታየ ተዛንፏል ማለት ነው።

ጓንት አጥልቀው ወይም ጣትዎ በብርድ ደንዝዞ ሳለ ክዳን አይግጠሙ፤ ዝቅ ማለቱን መስማት አይችሉም። ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ድንጋይ የሚቀየር ከሆነ ድንኳን ውስጥ፣ እጅን አሙቆ ይቀየር። ሲያጠብቁም የእጅ ኃይል ይበቃል፤ ፒንሳ አያስፈልግም።

ችግሩን ከምልክቱ መለየት

ብልሽቱ የት እንዳለ ለመለየት አንድ ፈተና ከሁሉ ይቀድማል። ማብሪያው በኋላ ክዳኑ ላይ ለሆነ ባትሪ ይሠራል። ክዳኑን ይፍቱ፤ ድንጋዩ በቦታው ይቆይ። ባትሪውን ራሱን ወደ ታች ያድርጉት፤ ድንጋዩ በክብደቱ መነካኪያው ላይ ያርፋል። አጭር የብረት ሽቦ ይውሰዱና አንዱን ጫፍ ከድንጋዩ ጠፍጣፋ ጫፍ፣ ሌላውን ከቱቦው አፍ የሚያበራ ጠርዝ ጋር ያስነኩ። አምፖሉ ከበራ ድንጋዩም አምፖሉም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ከኋላ፣ ከጥርሱ፣ ከሞላው ወይም ከማብሪያው ነው። ካልበራ ደግሞ ድንጋዩን፣ የፊቱን ጥርስና አምፖሉን ይመርምሩ። ፈተናው የሚደረገው ድንጋዩ ባትሪው ውስጥ ሳለ ብቻ ነው። የወጣን ድንጋይ ሁለት ጫፍ በሽቦ ማገናኘት እጅ ያቃጥላል።

ብልጭ ድርግም ሲል፦ አብርተው ክዳኑን በጣት ያጥብቁት። መብራቱ ከረጋ ላልቶ ነበር። ካልረጋ ከላይ ያለውን አጸዳድ ይከተሉ። ከጸዳም በኋላ ከቀጠለ ሞላውን ይዩ፤ የተኮማተረ ሞላ ድንጋዩን አይገፋም። በጣት ቀስ ብለው ሳብ አድርገው ያርዝሙት። የማስቲካ የብር ወረቀት አጥፎ መደገፍ ለደረቅ ድንጋይ ለአንድ ሌሊት ሊያገለግል ይችላል፤ በሊቲየም ድንጋይ ግን ፈጽሞ አይሞከር። ወረቀቱ ተንሸራቶ ሁለቱን ጫፍ ሊያገናኝ ይችላል።

መብራቱ ሲደበዝዝ፦ መጀመሪያ ብርዱን ያስቡ። ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ኃይሉ ይደክማል። ድንጋዩን አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው ልብስዎ ውስጥ፣ ደረትዎ ጋ ያሙቁት። ሲሞቅ መብራቱ ከተመለሰ ጥርሱ ጥፋት የለበትም። ሙቅ ድንጋይ ገብቶም ከደበዘዘና ክዳኑ አካባቢ ከአካሉ ይልቅ ከሞቀ ግን ጥርሱ ወይም ሞላው ላይ መተላለፊያው ጠቧል፤ ያጽዱ።

ቦርሳ ውስጥ በራሱ ሲበራ፦ ሽፋን ያለው ጥርስ ከሆነ ሲጓዙ ክዳኑን ሩብ ዙር ያላሉት፤ ማብሪያው ቢነካም አይበራም። ራቁት ጥርስ ከሆነ ማላላት አይጠቅምም፤ ድንጋዩን ያውጡ ወይም ገልብጠው ያስቀምጡት። የሊቲየም ድንጋይ ግን ከመገልበጥ ማውጣቱ ይሻላል።

ሲዞር ሲያንቋርር፦ አቧራ ገብቷል። ቅባት አይጨምሩበት፤ አቧራውን ያጣብቀዋል። መጀመሪያ ያጽዱ። ከጸዳም በኋላ ከሻከረ መስመሩ ላይ ትንሽ ጉዳት አለ። የጎማ ቀለበቱን አውጥተው ነጭ የጥርስ ሳሙና በትንሹ ይቀቡና ክዳኑን ደጋግመው ያስገቡ ያስወጡ። የጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ደቃቅ ፈታጊ ጉጣጉጡን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ሳሙናው አንዳች ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎም በአልኮል ይወገዳል።

ክዳኑ አልፈታ ሲል፦ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ በክዳኑም በቱቦውም ላይ ይጠቅልሉ። ጎማው ስለማያንሸራትት ኃይልዎ ሁሉ ለመጠምዘዣው ይሆናል። ሁለት ሰው ቢሆን ይበልጥ ይቀላል፤ አንዱ ቱቦውን ይያዝ፣ ሌላው ክዳኑን ያዙር። በብርድ ከተጣበቀ ብብት ውስጥ ያሙቁት። ውስጡ ድንጋይ እያለ እሳት ላይ ማሞቅ አይታሰብም።

ውሃ ሲገባ፦ ድንጋዩን ወዲያው አውጥተው ሁሉንም ከፍተው ያድርቁ። የጎማ ቀለበቱን ይመርምሩ። ምትክ ከሌለ ክዳኑንና ቱቦውን የሚያገናኘውን መስመር ከውጭ በፕላስተር ጠቅልለው እስከ ደባርቅ መድረስ ይቻላል።

ድንጋዩ ሲፈስ

ባትሪ ውስጥ ተረስቶ የቆየ ደረቅ ድንጋይ ይፈስሳል። የፈሰሰው ሞላውን ያዘግጋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ክዳኑንም ከጥርሱ ጋር ያጣብቀዋል። ጓንት ወይም ፌስታል እጅዎ ላይ ያጥልቁ፤ ዓይንዎን አይንኩ። ነጩን ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። ድንጋዩ «አልካላይን» የሚል ጽሑፍ ካለው ጨርቅ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ነክረው የተጋገረውን ያርሱት፤ የፈሰሰው ነገር ከሎሚው ተቃራኒ ስለሆነ ይበርዳል። ተራው ርካሽ ድንጋይ ከሆነ ግን የሚፈሰው ራሱ አሲድነት አለው፤ ለእሱ በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይሻላል። ከሁለቱም በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ በአልኮል አድርቀው ይጨርሱ። የሊቲየም ድንጋይ ካበጠ፣ ከፈሰሰ ወይም ልባሱ ከተቀደደ ግን ጥገና የለውም፤ ባትሪው ውስጥ መልሰው አያስገቡት።

መከላከያው ቀላል ነው። ክረምቱን ሙሉ የማይሠራበት ባትሪ ድንጋዩ ወጥቶ ይቀመጥ። አሮጌና አዲስ ድንጋይም አንድ ላይ አይግቡ፤ የደከመው ቀድሞ ይፈስሳል።

የቆርቆሮ ባትሪ ከሆነ

ብዙ የገጠር ቤት ያለው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ትልቅ ድንጋይ የቆርቆሮ ባትሪ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። ጥርሱ በቀጭኑ ቆርቆሮ ላይ በመጫን የተሠራ ሰፊ መስመር ስለሆነ ከመበላት ይልቅ ይጨረመታል። ባትሪው ወድቆ አፉ ከተጣመመ ክዳኑ አይገባም። ልኩ የሆነ ክብ እንጨት ጠርበው ወደ አፉ ያስገቡና የተጨረመተውን በአውራ ጣት እየገፉ ክብነቱን ይመልሱ። መዶሻ አይምቱበት።

የቆርቆሮው ልባስ ተልጦ ከዛገ ዝገቱን ብቻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ያንሱ። ከዚያ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርገው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ፤ ስስ ቫዝሊን ካለበሱት ዝገቱ ቶሎ አይመለስም። ማብሪያው ጎን ላይ ስለሆነ ከውስጥ የሚሄደው ቀጭን የብረት ልጥም መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዝገው እሱ ነው።

ስለ ሊቲየም ድንጋይ

ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ድንጋያቸው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። መደበኛ ቮልቱ 3.7 ሲሆን ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ትንሽ ቢመስልም ብዙ ኃይል ስለያዘ ሦስት ነገር ይጠበቅለት።

ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ድንጋይ ቻርጅ አይደረግ። በቅዝቃዜ ሲሞላ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። ካምፕ ላይ በሶላር ቻርጅ የምታደርጉ ወጣቶች ጠዋት ድንጋዩን መጀመሪያ አሙቁ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሰኩት።

ተዛንፎ የገባ ክዳን ሞላውን ወደ ጎን ገፍቶ የድንጋዩን ልባስ ሊቀድ ይችላል። ጥርሱ የተበላሸ ባትሪ ውስጥ የሊቲየም ድንጋይ ባይገባ ይመረጣል።

ባትሪው ያለ ምክንያት ከጋለ ያጥፉት፤ ድንጋዩ ራሱ የጋለ መሆኑን ካዩ ከሰውና ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ሜዳ ላይ ያስቀምጡት።

ከጉዞ በፊት ባለው ቀን

ደባርቅ ላይ ስንቅ ሲዘጋጅ ባትሪዎቹም በዚያው ይዘጋጁ። የእያንዳንዱን ባትሪ ክዳን ፈትተው ጥርሱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጠርዙን በላጲስ ይንኩ፤ የጎማ ቀለበቱን ይዩ፤ ገጥመው ያብሩት። ሲበራ ትንሽ ያናውጡት። ካልተንቀጠቀጠ ዝግጁ ነው። በትንሽ ፌስታል ጨርቅ፣ ላጲስ፣ ስንጥር፣ አጭር ሽቦና አንድ ትርፍ የጎማ ቀለበት ቋጥረው ከመድኃኒቱ ሳጥን ጋር ይያዙ። ሽቦው ከድንጋዮቹ ጋር አንድ ላይ አይቀመጥ።

ያለቀ ድንጋይ ተራራው ላይ አይጣል፣ አይቀበር፣ እሳት ውስጥም አይግባ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነው፤ ዋልያውና ጭላዳው ከሚግጡበት ሣር ሥር መርዝ ማስቀረት ለማንም አይገባም። የወጣው ድንጋይ ሁሉ ተቆጥሮ ተመልሶ ወደ ደባርቅ ይውረድ፤ የሊቲየሞቹ ጫፋቸው በፕላስተር ይሸፈን።

«ተበላሽቷል» የሚባል ባትሪ እጅዎ ሲገባም የሽቦውን ፈተና ሳያደርጉ አይጣሉት። ፈተናው ካበራው የሚቀረው ጥርሱን፣ ሞላውንና ማብሪያውን መመርመር ነው። የአዲስ ባትሪ ዋጋ ለአንድ በቅሎ ነጂ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የሰለጠነ እጅ ያለው ሰው ይህን ሥራ ለጓደኞቹና ለታናናሾቹ አንድ ጊዜ ፈትቶ ገጥሞ ቢያሳያቸው ብዙ ባትሪ ከመጣል ይድናል፤ ብዙ ሰውም ገደል አፋፍ ላይ ያለ ብርሃን ከመቅረት ይተርፋል።